ጎረቤት ሲካስ ልጅ ለምን ይቀራል?

አባት ይነዳል። ከኋላ ወንበር የራሱ ልጅና የጎረቤቱ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ቀበቷቸውን አስረዋል። አባትየው ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ ከጎን የመጣ መኪና ይመታቸዋል። የሁለቱም ልጆች እግር ይሰበራል፤ ሁለቱንም ወራት የሚፈጅ ሕክምና ይጠብቃቸዋል። የመኪናው የላያቢሊቲ (የተጠያቂነት) ኢንሹራንስ ለአንድ ተጎጂ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። የጎረቤቱ ልጅ ጉዳቱ ከከፋ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ሊካስ ይችላል። የሹፌሩ ልጅ ግን በተለያዩ የአሜሪካ ስቴቶች በሚሸጡ ፖሊሲዎች መሠረት፣ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን፣ ለምሳሌ ከ30 ሺህ ዶላር፣ አያልፍም፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጭራሽ ምንም ላያገኝ ይችላል። ወንበሩ አንድ ነው፤ ጥፋተኛው አንድ ነው፤ ስብራቱም አንድ ነው። የሚለያዩት አንደኛው ልጅ ወደ ቤት ሲመለስ ከሹፌሩ ጋር በአንድ ጣሪያ ስር የሚያድር በመሆኑ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት የሚፈጥረው በፖሊሲው ውስጥ የሚገኝ የቤተሰብ ማግለያ አንቀጽ ነው። አንቀጹ በጥቅሉ እንዲህ ይላል፦ መድን ገቢው በቸልተኝነት በሌላ ሰው አካል ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኩባንያው ይከፍላል፤ ተጎጂው ግን መድን ገቢው ራሱ ወይም ከእርሱ ጋር አብሮ የሚኖር የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም የጉዲፈቻ ዘመድ ከሆነ አይከፍልም። በኢንሹራንስ ሰዎች፣ በብዙ ምክር ቤቶችና በአንዳንድ ዳኞች ዘንድ ይህ አንቀጽ አስተዋይ ጥንቃቄ ተደርጎ ይታያል፤ ቤተሰብ ተመሳጥሮ ኩባንያውን እንዳይዘርፍ የተቀመጠ አጥር ነው ይላሉ። በአሜሪካ በምንኖር ሐበሾች ማኅበረሰብ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይደገፋል። ልጅ አባቱን፣ ሚስት ባሏን ትከሳለች ወይ የሚለው ጥያቄ ገና ሲነሳ ነገሩ ነውር ሆኖ ያልቃል። ሁለቱም አመለካከቶች ስህተት ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንቀጹ ጫፍ ጫፉን መከርከም አይበቃውም፤ ከፖሊሲው ፈጽሞ መውጣት አለበት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1891 የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እናቷ ያለአግባብ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስገብታኛለች ብላ የከሰሰችን ወጣት ክሷን ዘጋባት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወላጁን ለካሳ መክሰስ አይችልም፤ የቤተሰብ ሰላም ይናጋል አለ። ለውሳኔው የጠቀሰው ቀዳሚ ፍርድ አልነበረም፤ ሌሎች ስቴቶች ግን ተከተሉት። በ1910 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዋሽንግተን ዲሲ በመጣ ጉዳይ፣ ሚስት ስለደበደባት ባሏ ካሳ መጠየቅ አትችልም ብሎ ፈረደ፤ ሦስት ዳኞች ተቃውመው ነበር። መኪና በየደጁ ሲበዛ ይህ ያለመከሰስ ከለላ የመንገድ አደጋንም ሸፈነ። ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሱለት ነበር፦ የቤተሰብ ሰላምና የመመሳጠር ስጋት። ዛሬም ለማግለያው አንቀጽ በቅድሚያ የሚቀርቡት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ፍርድ ቤቶቹ ግን ከጊዜ በኋላ ከለላውን በተራ በተራ አፈረሱት። ዊስኮንሲን በ1963 በወላጅና በልጅ መካከል የነበረውን ግድግዳ በአብዛኛው ናደችው። ዋሽንግተን ስቴት በ1972 የባልና ሚስቱን፣ በ1980 ደግሞ በመኪና አደጋ ረገድ የወላጅና የልጁን ሻረች። ሜሪላንድ በ1983 ሚስት በቸልተኝነት የጎዳትን ባሏን መክሰስ እንድትችል ፈቀደች፤ በ2001 ምክር ቤቷ ልጅ በመኪና አደጋ ምክንያት ከወላጁ ካሳ የሚጠይቅበትን በር ከፈተ። ዳኞቹ በመካከሉ የተረዱት ነገር ነበር። አብዛኛው ሹፌር ኢንሹራንስ ባለው ዘመን ለተጎዳ ልጅ ካሳ መከልከል ለቤቱ ሰላም አያመጣም፤ ያልተከፈለ የሆስፒታል ዕዳ ነው ሰላም የሚነሳው። ሕጉ ይህን ካለ በኋላ የማግለያው አንቀጽ የተሻረውን ሕግ በውል በኩል መልሶ አስገባው። ልጅ የመክሰስ መብት አለህ ይባላል፤ መብቱ የሚያስገኘው ገንዘብ ግን ከአባቱ ባዶ ኪስ ካልሆነ በቀር ከየትም አይመጣም። እንዲህ ያለ መብት ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነው።

የመመሳጠሩን ክርክር በቁም ነገር ልውሰደው፤ ከሁሉም ጠንካራው እርሱ ነውና። ሹፌሩ ለኩባንያው የመተባበር ግዴታ አለበት፤ ተጎጂዋ ሚስቱ ከሆነች ግን ጥፋቱን ሊያጋንን፣ እርሷም ሕመሟን ልታበዛ ትችላለች ይባላል። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ያውቃል። ነገር ግን ጓደኛሞችም ይመሳጠራሉ፤ የሥራ ባልደረቦችም፣ እጮኛሞችም ይመሳጠራሉ፤ ከመንገድ ጠርዝ ቆመው ሆን ብለው አደጋ የሚያቀናብሩ የማይተዋወቁ ሰዎችም አሉ። አንቀጹ ከእነዚህ አንዳቸውንም አያገልም። የሚያገለው ዘመድን ነው፤ ያውም የዋሸውን ለይቶ ሳይሆን የዋሸውንም ያልዋሸውንም በአንድነት። የተሰበረ ዳሌ በራጅ ይታያል፤ የሁለት ሳምንት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይታ መዝገብ አለው፤ የፖሊስ ሪፖርት፣ የመኪናው ጉዳት፣ የመስቀለኛ መንገዱ ካሜራ አለ። ኩባንያው መርማሪ አለው፤ በመሐላ ቃል የመቀበል ሥልጣን በፖሊሲው ተሰጥቶታል፤ የሚጭበረበርን ጥያቄ ውድቅ ማድረግና አጭበርባሪውን ለዐቃቤ ሕግ ማስተላለፍ ይችላል። እነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች እያሉ ያለ ምርመራ ሚሊዮን ቤተሰቦችን በጅምላ በሌብነት መጠርጠር ጥንቃቄ ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

የኢንሹራንስ ኢንዱስትሪው ራሱ ይህን ጥርጣሬ በሌላ ቦታ አያምንበትም። የሕይወት ኢንሹራንስን እንውሰድ። እዚያ ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ሲሞት ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አብራ የምታድረው ሚስቱ፣ አብረውት የሚበሉት ልጆቹ ናቸው። ፈተና ካለ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ሆኖም ተቀባይዋ ከሟቹ ጋር በአንድ ቤት ስለምትኖር አይከፈላትም የሚል ኩባንያ የለም፤ እንዲያውም ምርቱን የሚሸጡት ቤተሰብህን አስብ እያሉ ነው። ገዳይ መሆኗ ከተረጋገጠ ሕጉ ይከለክላታል፤ ካልተረጋገጠ ይከፈላታል። ይህ ትክክለኛው አሠራር ነው። ባሏ ሲሞት የምትታመን ሚስት፣ ባሏ መብራት ጥሶ ወገቧን ሲሰብራት የማትታመንበትን ምክንያት የነገረን የለም።

ሌላው መከራከሪያ ገንዘቡ ተመልሶ ወደ ጥፋተኛው ኪስ ይገባል የሚል ነው። ሚስት ብትካስ ባል ይጠቀማል፤ ሰው ደግሞ ከገዛ ጥፋቱ ሊያተርፍ አይገባም። ይህ ካሳንና ሎተሪን ያምታታል። ካሳ የሚከፈለው ለጠፋ ነገር ነው፤ ለቀዶ ሕክምና፣ ለቀረ ደመወዝ፣ ዳግም በሁለት እግሩ ለማይቆም ሰው ለሚያስፈልገው አስታማሚ። ያ ገንዘብ ሲመጣ ባልየው አያተርፍም፤ ቤቱ ወደ ነበረበት በጥቂቱ ይመለሳል። ደግሞም የላያቢሊቲ ሽፋን ዋናው ጥቅም ያጠፋውን ሰው ከዕዳ ማዳን ነው፤ የጎረቤቱ ልጅ ሲካስም ሹፌሩ ከዕዳ ይድናል። ያንን ማንም አልተቃወመም።

አሁን እምብዛም ወደማይነሳው፣ ለእኛ ግን ከሁሉም ወደሚቀርበው ጉዳይ ልምጣ። አንቀጹ የሚያገለው ማንን ነው? አብሮ የሚኖር ዘመድን። ሦስት የማይዛመዱ ወጣቶች አፓርታማ ተጋርተው ቢኖሩና አንዱ ነድቶ ሌላውን ቢጎዳ፣ ተጎጂው በዘመድነት ስለማይቆጠር ሽፋኑ ሙሉ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ የሐበሻ ቤት ግን እንዲህ አይኖርም። ዲቪ ደርሶት የመጣ ወንድም የመጀመሪያውን ዓመት በእህቱ ቤት ምድር ቤት ያሳልፋል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች እናት የልጅ ልጇን እያሳደገች ትቆያለች። የአጎት ልጅ ኮሌጅ እስኪጨርስ ሳሎን ይተኛል። እነዚህ ሁሉ በፖሊሲው አነጋገር አብረው የሚኖሩ ዘመዶች ተብለው ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ፣ ወደ ሐኪም የሚሄዱት በዚያው በአንዱ መኪና ነው። ዘመዱን አስጠግቶ የሚያኖር ቤት አደጋ ሲደርስበት ከሁሉም ያነሰ ይካሳል፤ ዘመዱን ኪራይ ቤት ፈልግ ብሎ የሸኘ ቤት ሙሉ ሽፋን ያገኛል። አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች ስለ ስደተኛ ቤት አስበው ነበር አልልም። ውጤቱ ግን ትልቅ ቤተሰብ ባለው፣ መኪናው አንድ በሆነው፣ ገቢው ባነሰው ላይ ይከብዳል። በዚያ ላይ በብዙዎቻችን አፍ ፉል ከቨር የሚለው ቃል አለ። ፉል ከቨር አለኝ የሚል ሰው ቤቱ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ይመስለዋል። ቃሉ በተለምዶ የሚያመለክተው ላያቢሊቲውን ከራሱ መኪና ጥገናና ስርቆት ሽፋን ጋር ነው፤ የሚስቱን ወገብ በተመለከተ የሚለው ነገር የለም። መኪናው ሲጨፈለቅ ኩባንያው መኪናውን ይተካል፤ ውስጡ የነበረችው እናት ግን ዘመድ በመሆኗ ትቀራለች።

ስቴቶቹ ለዚህ የሰጡት መልስ የተዘበራረቀ ነው። በ1982 የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንቀጹ ምንም ያላጠፉ ተጎጂዎችን በጅምላ ያለ በቂ ምክንያት ያገላል፣ ስለዚህ ከሕዝብ ጥቅም ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ኬንታኪ በ1996 ተመሳሳይ አቋም ወሰደች። ኮሎራዶ በ1984 በፍርድ ቤቷ ሻረችው፤ ምክር ቤቷ ግን በ1986 አንቀጹ ከስቴቱ የሕዝብ ፖሊሲ ጋር ይስማማል የሚል ሕግ አውጥቶ መልሶ አቆመው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመድን ሕጉ ማግለሉን ፈቀደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1981 አጸናው። በሲያትል የምትኖር ሐበሻና በሎስ አንጀለስ የምትኖር እህቷ አንድ ዓይነት አደጋ ቢደርስባቸው፣ አንድ ዓይነት ባል ቢነዳቸው፣ ዕጣቸውን የሚወስነው ዚፕ ኮዳቸው ነው።

ከሁሉም በላይ መተቸት ያለበት ግን የመሐል ሰፋሪዎቹ መፍትሔ ነው፤ ብዙዎች የተመጣጠነ ነው ብለው የሚያወድሱት። ሜሪላንድ በ1986፣ ቴክሳስ በ1993 የያዙት መንገድ ይህ ነው፦ ሕጉ እያንዳንዱ መኪና እንዲኖረው የሚያስገድደው ዝቅተኛ ሽፋን ለቤተሰብም ይድረስ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ኩባንያው ቢያገልል ይችላል። ለዚህ የሚሰጠው አመክንዮ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ብቻ ስለሆነ የተቀረው የውል ጉዳይ ነው የሚል ነው። አመክንዮው ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ማግለሉ የሚጸድቀው በመመሳጠር ስጋት ከሆነ፣ ቤተሰብ ለመጀመሪያው 30 ሺህ ዶላር ታምኖ ለሠላሳ አንደኛው ሺህ ሌባ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የውሉን መንገድ ብንከተል ደግሞ ሰውየው አረቦኑን የከፈለው ለ100 ሺህ ዶላር ሽፋን ነው፤ ተጨማሪውን ገንዘብ ሲከፍል ከጎኑ ለሚቀመጠው ሰው እየከፈለ መሆኑን ያምናል። ከጎኑ የሚቀመጠው ማን ነው? የማይታወቅ መንገደኛ አይደለም። ሚስቱ ናት፤ ልጁ ነው። ለባዳ የገዛው ጥበቃ ለራሱ ቤት ሲሆን ወደ ሲሶ የሚያንስበት ንግድ እንደ ተራ ውል ሊታይ አይገባም። ዝቅተኛው መጠንም እንኳ ከዋጋው ጋር አይራመድም፤ ካሊፎርኒያ ለአንድ ሰው 15 ሺህ ዶላር የሚለውን መጠን ከ1967 ጀምራ ይዛ ቆይታ 30 ሺህ ያደረገችው በ2025 ነው።

የጤና ኢንሹራንስ አለ አይደል የሚል ይኖራል። አለ፤ ያለው ሰው። የጤና ኢንሹራንስ ግን የሐኪም ሒሳብ ይከፍላል እንጂ ስድስት ወር ሥራ ያልሄደችን የነርስ ረዳት ደመወዝ አይከፍልም፤ እጁን ላጣ ልጅ የወደፊት ኑሮ አይከፍልም። የመኪና ፖሊሲው ጥፋትን ሳይጠይቅ የሚከፍለው የግል ጉዳት ሽፋንም በሜሪላንድ መነሻው 2500 ዶላር ነው፤ በአምቡላንስና በአንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያልቃል። ሌላው ቀሪ ዕዳ የመንግሥት የጤና ሽፋን ወደሆነው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ወደ ግብር ከፋዩ ይዞራል፤ ወይም ቤተሰቡን ወደ ኪሳራ ይወስዳል። ኩባንያው ያገለለው ወጪ አልጠፋም፤ ተሸካሚው ተቀየረ እንጂ።

ያም ሆኖ ቤተሰብ ከተሸፈነ አረቦን ይንራል የሚለው ስጋት ይቀራል። ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ አልክድም። ነገር ግን ኢንሹራንስ ማለት ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ከፍለው በጥቂቶች ላይ የደረሰውን ከባድ ጉዳት መሸከም ከሆነ፣ ከባዱን ጉዳት ውጭ አስቀምጦ ዋጋውን ማርከስ ሸቀጡን ማጉደል ነው። ደግሞ ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተሞክሯል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በታኅሣሥ 30 ቀን 1983 ባወጣው ሁለተኛው የመኪና ኢንሹራንስ መመሪያ፣ የመድን ገቢው፣ የሹፌሩ ወይም የሌላ ተጠያቂ ሰው ቤተሰብ አባላት በዝምድናቸው ምክንያት ከአካል ጉዳት ሽፋን እንዳይገለሉ አዘዘ። ድንጋጌው እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ያውም በአካል ጉዳት ረገድ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሊሆን በሚችልበት ሥርዓት ውስጥ። ከዚያ ወዲህ አራት አሠርት ዓመታት አልፈዋል፤ በሮማ፣ በፍራንክፈርት፣ በስቶክሆልም ኩባንያዎች ዛሬም የመኪና ኢንሹራንስ ይሸጣሉ። እስራኤል በ1975 ባወጣችው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ከዚያም ርቃ ሄደች፤ ጥፋት ማን ላይ እንዳለ መጠየቅ ቀረ፣ ቢቱዋህ ሆቫ የሚባለው የግዴታ ኢንሹራንስ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሹፌሩን ጭምር ይሸፍናል። ሪሾን ለጺዮን ያለች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ባሏ ሲነዳ ብትጎዳ የሚስትነቷ ጉዳይ አይነሳም። የአሜሪካ ቤተሰብ ከአውሮፓውና ከእስራኤሉ ይልቅ አጭበርባሪ ነው የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

ለነውሩ ጥያቄም መልስ አለኝ። ገበናን መሸፈን የምናከብረው ባህል ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የመኪና አደጋ ገበና አይደለም። ማንም ማንንም ሊጎዳ አልፈለገም፤ በቤቱ ውስጥ የተደበቀ በደል የለም። በአብዛኛው ጉዳይ ጥያቄው በደብዳቤና በስልክ ያልቃል፤ ክስ ቢመሠረት እንኳ የአባትየው ስም በመዝገቡ ላይ ይጻፋል እንጂ ጠበቃውን የሚያቆመውም፣ ቼኩን የሚጽፈውም ኩባንያው ነው። አባትየው ለዓመታት አረቦን ሲከፍል የኖረው ለዚህች ቀን ነበር። ልጁ በተሰበረ አካል እያደገ፣ አባቱ በየቀኑ ያን እያየ፣ ያን ቤት ሰላም ያለው ቤት ብሎ መጥራት ይከብዳል። ይሉኝታችን ለኩባንያዎቹ ብዙ ገንዘብ አድኖላቸዋል፤ ለልጆቻችን ያተረፈላቸው ነገር ግን አይታየኝም።

ሜሪላንድ በ2004 አንድ ተጨማሪ እርምጃ ወስዳለች። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከዝቅተኛው በላይ ያለውን ማግለል ባጸናበት በዚያው ዓመት፣ ምክር ቤቱ ኩባንያዎች ለቤተሰብ አባላት ከባዳ ጋር እኩል የሆነ ሽፋን ለደንበኛው እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ከ2005 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከምንም ይሻላል፤ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊሲ ያለው ሁሉ ይህን ሽፋን መያዙን ወኪሉን ደውሎ ይጠይቅ። ጉድለቱ ግን ምርጫውን ለማን እንደሰጠ ስናይ ይገለጣል። የሚወስነው ስሙ በፖሊሲው ላይ ቀድሞ የተጻፈው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም መሪውን የሚይዘው እርሱ ነው። ከኋላ የምትቀመጠው የስምንት ዓመት ልጅ አልተጠየቀችም፤ ከሀገር ቤት የመጣችው አያት ወረቀቱን ማንበብም አትችልም። የአንዱን መብት ሌላው በአንድ ፊርማ የሚለቅበትን ነገር ምርጫ ብለን ልናልፈው አንችልም። በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ ለ90 ቀናት የሚቀመጠው ምክር ቤት ሊያስተካክለው የሚገባው አንድ ቃል ነው፦ በሕጉ ውስጥ ኩባንያው «ያቅርብ» የሚለውን «ያካትት» ብሎ መለወጥ። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ለቅስቀሳ በራችንን የሚያንኳኩትን እጩዎች ስለዚህ ቃል እንጠይቃቸው።